ተራኪዋን እስከ የት እንመን? የፌይራን ታሪክ ለሚያነቡ

ስለ ትረካ አንጻር ስናስተምር፣ በአንደኛ መደብ የሚተርክ ገጸ ባሕርይ ያየውንና የገባውን ብቻ ነው የሚነግረን እንላለን። ተማሪው ደብተሩ ላይ ያሰፍረዋል፣ ፈተና ላይ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ነገሩ የምር እንዲገባው ለሚፈልግ አዋቂ አንባቢ አሜሪካዊቷ ሳራ ጄ. ማስ የጻፈችው «አ ኮርት ኦፍ ቶርንስ ኤንድ ሮዝስ» የተባለው ተከታታይ ልብወለድ ጥሩ መለማመጃ ነው። ከ2015 እስከ 2021 በአውሮፓ አቆጣጠር አምስት መጻሕፍት ወጥተውለታል። አስማት፣ እርግማን፣ ደምና ፍቅር አንድ ላይ የተቦኩበት፣ ጨለማ የሚባለው ዓይነት ምናባዊ የፍቅር ታሪክ ነው። ታሪኩን አስቀድሞ ማወቅ የማይወድ ከዚህ በታች ያለውን ባያነብ ይሻለዋል።

ከሥሩ ያለው ተረት

ፌይራ የ19 ዓመት ልጅ ናት። አባቷንና ሁለት እህቶቿን እያደነች ታበላለች። በክረምት ጫካ ውስጥ አንድ ትልቅ ተኩላ ትገድላለች፤ ተኩላው ግን መልኩን የለወጠ፣ ፌሪዎች ከሚባሉት አስማተኛ ፍጡራን ወገን ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ አውሬ በሩን ሰብሮ ይገባና በጠፋው ሕይወት ፈንታ የእሷን ይጠይቃል። የሰዎችን አገር ከፌሪዎች ከሚለየው ግንብ ማዶ፣ ፕሪቲያን ወደሚባለው ምድር ይወስዳታል። አውሬው ከሰባቱ የፌሪ ግዛቶች አንዱን፣ የፀደይን ግዛት የሚገዛው ታምሊን ነው።

ይህን ተረት የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። «ውቢቷና አውሬው» በፈረንሳይ በ1740 በማዳም ደ ቪልኔቭ ተጽፎ፣ በ1756 በማዳም ሌፕሪንስ ደ ቦሞን አጥሮ ታትሟል። ከሱ በፊት በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፑሌዩስ የጻፈው የኩፒድና የፕሲኬ ታሪክ አለ፤ የማይታየው ባልና ሙሽራዋ የምትፈተንባቸው ከባድ ሥራዎች እዚያም ይገኛሉ። የታምሊን ስም ደግሞ የስኮትላንድ ባሕላዊ ግጥም ትዝ ያሰኛል፤ በዚያ ግጥም አንዲት ልጃገረድ ወዳጇን ከፌሪዎች ንግሥት እጅ ታስጥለዋለች።

ማስ እነዚህን ሁሉ የወሰደችው ለጌጥ አይደለም። አንባቢው ተረቱን ስለሚያውቅ፣ አውሬው በር ሰብሮ ሲገባ «ይሄ ሙሽራው ነው» ብሎ ልቡን አስቀድሞ ይሰጠዋል። ወጥመዱ ይሄው ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ሲገለብጠው

በመጀመሪያው መጽሐፍ ከታምሊን ጋር ፍቅር መያዝ ቀላል ነው። ፌይራ የመጣችው ከረሃብ ነው፤ እሱ ያበላታል፣ ቀለምና ብሩሽ ይሰጣታል፣ ቤተሰቧንም ይጦርላታል። ስለ ግዛቱ እርግማን ብዙ ነገር ይደብቃታል፤ እኛም እርግማኑ አፉን ይዞት ነው ብለን እናልፈዋለን። ከዚያ ልታድነው እርግማኑን ወዳመጣችው አማራንታ፣ ከተራራ ሥር ወዳለው ችሎቷ ትወርዳለች። ሦስት ፈተናና አንድ እንቆቅልሽ ይቀርብላታል፤ ትሞትና የሰባቱ ግዛቶች ጌቶች ከኃይላቸው ከፍለው ሲሰጧት ፌሪ ሆና ትነሣለች።

አንድ ትዕይንት ልብ በሉ። ከተራራው ሥር ታምሊንና ፌይራ ብቻቸውን የሚሆኑባት አንዲት አፍታ አለች። እሱ አቅፎ ይስማታል። በመጀመሪያው ንባብ ይህ የናፍቆት ጣሪያ ነው። የ2016ቱ ሁለተኛ መጽሐፍ ከተነበበ በኋላ ግን ያው ገጽ ሌላ ነገር ይናገራል፤ በዚያች አፍታ ማምለጫ ሊፈልግላት ይችል ነበር፣ አልፈለገም። ከጽሑፉ የተለወጠ ቃል የለም። የተለወጠችው ተራኪዋ ናት።

በሁለተኛው መጽሐፍ ፌይራ ሌሊት በቅዠት ትነቃለች፣ ታስመልሳለች። ታምሊን ከጎኗ ነው፤ አንዱም ስለዚያ ነገር አያወራም። ከቤት እንዳትወጣ ይከለክላታል፣ ጠባቂ ያቆምባታል፣ በመጨረሻ ቤቱን በአስማት ዘግቶባት ይሄዳል። ሁሉም «ለደኅንነትሽ» ነው። እዚህ ላይ ደራሲዋ ገጸ ባሕርይዋን ከዳችው የሚሉ አንባቢዎች አሉ። እኔ አልስማማም፤ ምልክቶቹ ቀድሞውንም ነበሩ። ሆኖም ታምሊንም ከዚያው ተራራ ሥር ተሰብሮ ለመውጣቱ መጽሐፉ በቂ ቦታ አይሰጥም።

ፊደል ያልቆጠረችው ጀግና

ፌይራ ማንበብ አትችልም። በሁለተኛው ፈተና ግድግዳ ላይ የተጻፈውን ማንበብና ከሦስት ማንሻዎች ትክክለኛውን መሳብ ነበረባት፤ ባለማንበቧ ልትሞት ትደርሳለች። የሌሊት ግዛት ጌታ ሪሳንድ ነው ቀደም ሲል ከእሱ ጋር ለገባችው ውል ምልክት በእጇ ላይ ባለው ንቅሳት በኩል መልሱን የሚጠቁማት። በኋላም ማንበብ ያስተምራታል፤ መለማመጃ አድርጎ የሚጽፍላት ራሱን የሚያሞግሱ ዓረፍተ ነገሮችን ነው። አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከመሳሳሙ ሁሉ ይህ ክፍል ይበልጥብኛል።

ግን ያው ሪሳንድ ከተራራው ሥር ትውስታ የሚያጠፋ ወይን እያጠጣ በሰው ፊት ያስጨፍራት ነበር። ሁለተኛው መጽሐፍ ምክንያቱን ከራሱ አፍ ያሰማናል፤ እሷን ለመከለልና የታምሊንን ቁጣ ለመቀስቀስ ነበር ይላል። ፌይራ ትቀበለዋለች። እኛም በእሷ ዓይን ስለምናይ እንቀበለዋለን።

ለማን ይሆናል?

ተከታታዩ መጀመሪያ የተሸጠው ለወጣቶች ተብሎ ነው፤ ከሁለተኛው መጽሐፍ ጀምሮ ግን የመኝታ ትዕይንቶቹ ግልጽና ረጃጅም ናቸው። በነሐሴ 2024 የአሜሪካዋ ዩታ ግዛት 13 መጻሕፍት ከሁሉም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲወጡ ስታዝዝ ስድስቱ የማስ ነበሩ። እገዳ አልወድም፤ ተከታታዩን ግን ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ አልሰጥም። በውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ሽፋኑ ስለ ውስጡ ብዙ አይነግራችሁምና ጥቂት ገጽ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት።

ተራኪው ሲቀየር

አራተኛው መጽሐፍ ቀጭን መሸጋገሪያ ነው፤ ቢታለፍም ብዙ አይጎድልም። አምስተኛው ግን በሦስተኛ መደብ የተጻፈ ሲሆን የፌይራን እህት ኔስታንና ተዋጊውን ካሲያንን ይከተላል። አሁን ሪሳንድን ከውጭ ነው የምናየው። ፌይራ አርግዛለች፤ ፅንሱ ክንፍ አለው፣ ወሊዱም ሊገድላት ይችላል። ሪሳንድ ያውቃል። አልነገራትም፤ ሌሎችም እንዳይነግሯት አድርጓል። እውነቱን የምታወጣው ኔስታ ናት፣ ያውም በንዴት፤ በዚህም ምክንያት ካሲያን በተራራ ላይ አድካሚ ጉዞ ያስጉዛታል።

ታምሊን ቤት ዘጋባት፤ ሪሳንድ ስለ ገዛ ሰውነቷ ማወቅ ያለባትን ዘጋባት። ደራሲዋ ለአንደኛው ጥፋት ሙሉ መጽሐፍ ስትሰጥ ሁለተኛውን በጥቂት ገጾች ይቅር አስብላ ታልፈዋለች። ሚዛኑ እንዳዘነበለ አስባ ያደረገችው አይመስለኝም። ፌይራ ራሷ ብትተርከው ኖሮ እኛም ሳንቆም እናልፈው ነበር።

መልመጃ ለሚፈልግ፦ በሁለተኛው መጽሐፍ ሠርጉ የሚቋረጥበት ምዕራፍ አለ። ሙሽራይቱ እየተራመደች በልቧ አድኑኝ ትላለች፣ ሪሳንድም ይደርሳል። ያንን ትዕይንት በታምሊን አንደበት፣ በአንደኛ መደብ ጻፉት። በልቧ ያለችውን እሱ አልሰማም፤ የሚያየው ጠላቱ ሙሽራውን ይዞ ሲሄድ ብቻ ነው።