ለአነስተኛ ሱቅ ድረ ገጽ መልክ ስለ መምረጥ

የድረ ገጽ መልክ፣ ማለት ቴም የሚባለው፣ የሚመረጠው ለገዢው እንጂ ለሠሪው ደስታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዎርድፕሬስ ብዙ መልኮችን ያለ ዋጋ ያቀርባል፤ ነገር ግን ናሙናዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በላቲን ፊደል ተጽፈው በትልልቅ ሥዕል ያጌጡ ስለ ሆኑ ዓይንን ያታልላሉ። ስለዚህ ለአክስቴ የሸማ ሱቅ ስመርጥ፣ አስቀድሜ ስሙንና ዋጋውን በአማርኛ ጽፌ በስልክ አየሁት። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ መልኩ የያዘው ፎንት አማርኛ ከሌለው ስልኩ ከራሱ ሌላ ፎንት ይተካና ገጹ ዥንጉርጉር ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ነጻ ፎንት ይህን ያቃናል። ተንሸራታች ሥዕል ያለበትንም ተውሁት፤ ገዢው ዳታውን በገንዘቡ ይገዛልና። አክስቴ ግን «ጥለቱ ካልታየ ምኑን ይገዙታል?» ብትል እውነት አላት፤ አንድ ፎቶግራፍ፣ መጠኑ ተቀንሶ፣ ከላይ ገባ፤ ከሥሩም ስልክ ቁጥርዋ።