ሁለት ስም የነበራት መርከብ

የመንገደኛም ሆነ የጦር መርከብ አርጅታ ባለቤት ስትለውጥ ብዙ ጊዜ ስሟም አብሮ ይለወጣል። ለምሳሌ የእኛይቱን «ኢትዮጵያ» እንመልከት። ባሕር ኃይላችን በ1954 ዓ.ም. ከመረከቡ በፊት «ኦርካ» ትባል ነበር። አሜሪካኖች በአላስካ በሚገኝ የባሕር ወሽመጥ ስም ሰይመው፣ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድታገለግል አድርገዋት ነበር። በእኛ ዘንድ ግን የዕጩ መኰንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፤ ኋላም ለብረቷ ተሸጠች።

ውድ አንባቢያን፣ የጉደር ወንዛችን ዓባይ ሲገባ ስሙን ይተዋል፤ ውሃው ግን ያው ነው። መርከብም እንዲሁ ናት። ስለዚህ የአንዲትን መርከብ ታሪክ ስንጽፍ «ቀድሞስ ማን ትባል ነበር?» ብለን እንጠይቅ፤ አለዚያ ታሪኳ በግማሽ ይቀራል።