የሰልፍ ወረቀት ምን ይነግረናል? ምንስ ሳይነግረን ይቀራል?

ሰላማዊ ሰልፍ ሲያልቅ መሬት ላይ የሚቀረው ወረቀት ነው፤ በራሪ ጽሑፍ፣ መፈክር የተጻፈበት ካርቶን፣ የዕለቱ ፕሮግራም። ብዙው ተረግጦ ይጠረጋል። ጥቂቱን ግን አንድ ሰው አንስቶ ያስቀምጠውና ከዓመታት በኋላ የታሪክ ሰነድ ይሆናል። እኔም የእንዲህ ዓይነት ወረቀቶችን ቅጂ መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፦ የታተመ ሁሉ በእርግጥ የተፈጸመ ነው እንዴ?

ለምሳሌ ያህል ኦገስት 28 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ዲሲ ለሥራና ለነፃነት የተደረገውን ሰልፍ እንመልከት። ወደ 250,000 ሰው ተገኝቶበታል። የታተመው ፕሮግራም ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ብሔራዊ መዝሙሩን የምትመራው ማሪያን አንደርሰን እንደሆነች ይናገራል። እርሷ ግን በሰዓቱ መድረስ አልቻለችም፤ የዘመረችው ካሚላ ዊሊያምስ ናት። ከተናጋሪዎቹ መካከል ጄምስ ፋርመር ተጽፏል። ሰውዬው ግን ያን ቀን ሉዊዚያና ውስጥ እስር ቤት ነበር፤ ንግግሩን ያነበበለት ፍሎይድ ማኪሲክ ነው። ዓለም እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው የማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግርስ? እንደ ሌሎቹ ሁሉ በአንዲት መስመር ታልፏል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፕሮግራም የሚታተመው ከሰልፉ በፊት ነው፤ ዕቅድ እንጂ ዘገባ አይደለም። አንድ ሪፖርተር እሱን ብቻ አምኖ ቢጽፍ የካሚላን ስም ከታሪክ ያወጣል፣ የታሰረውንም ሰው መድረክ ላይ ያቆማል።

ታዲያ ወረቀቱ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። አዘጋጆቹ ምን አስበው እንደነበር ይነግረናል። ስሙ ፕሮግራሙ ላይ፣ ባለቤቱ እስር ቤት መሆኑ ደግሞ ራሱ ትልቅ ዜና ነው።

መፈክርም ቢሆን እንደዚያው ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. የሜምፊስ ከተማ ጥቁር የጽዳት ሠራተኞች «ሰው ነኝ» የሚል መፈክር ይዘው ወጡ። ካርቶኑ ብቻውን ቢገኝ ከአድማው በፊት ሁለት ባልደረቦቻቸው በቆሻሻ መኪና ተጨፍልቀው መሞታቸውን አይነግረንም።

ስለዚህ የምንሰበስብ ሰዎች የትና መቼ እንደተገኘ፣ ከማን እጅ እንደመጣ፣ ከሰልፉ በፊት ይታተም በኋላ መጻፍ አለብን፤ ያውም ወረቀቱ ላይ ሳይሆን የምናስቀምጥበት ፖስታ ላይ። ከዚያ ከዕለቱ ፎቶግራፍ፣ ከድምፅ ቅጂና ከጋዜጦች ጋር እናስተያየው። ይሄ ነገ ዜና ስንሠራም የሚጠቅመን ልማድ ነው። የዝግጅት ፕሮግራም በእጃችን ስለያዝን ብቻ ዝግጅቱን አየን አንበል።