ድካም ሁሉ በቀይ ስር ይድናልን? ሉፐስና ደማችን



አንዲት እህታችን «ይደክመኛል፣ ያዞረኛል» ስትለን አብዛኞቻችን «ደም አንሶሽ ነው፤ ቀይ ስርና ምስር ብዪ» እንላታለን። ምክሩ ከቅንነት ነው። ይሁንና ደም የሚያንስበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ለዚህ ሉፐስ የተባለው በሽታ ጥሩ ማሳያ ነው።

ሉፐስ ተላላፊ አይደለም። ከጀርም የሚጠብቀን የሰውነት መከላከያ የገዛ አካላችንን ሲያጠቃ የሚከሰት ነው። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ያህል ሴቶች ሲሆኑ ብዙዎቹን የሚይዘው በወጣትነታቸው ነው። ቆዳን፣ መገጣጠሚያንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ ሁሉ ደምንም ይጎዳል።

1. ቀይ የደም ሴል፦ ጤነኛው 120 ቀን ያህል ይኖራል። በአንዳንድ ታማሚዎች መከላከያው ያለ ጊዜው ያፈርሰዋል፤ ያን ጊዜ ዓይን ቢጫ ሊሆን፣ ሽንት ሊጠቁር ይችላል። በሌሎች ደግሞ አይረን በሰውነት ውስጥ ተከማችቶ እያለ በሽታው ይቆልፈዋል፤ መጋዘኑ ሙሉ፣ በሩ ግን ዝግ ነው። ለእነዚህ የአይረን ኪኒን ብቻውን አይበቃም።

2. ነጭ የደም ሴል፦ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ4,000 በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የሉፐስ ታማሚ ትኩሳት ሲሰማት «ጉንፋን ነው» ብላ መተው የለባትም።

3. ፕላትሌት፦ ጤነኛ ልኩ ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። በጣም ሲያንስ ነስር፣ የድድ መድማትና ሳይመቱ የቆዳ መበለዝ ይመጣል። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ሒጃማ (ዋግምት) አያድርግ።

4. የደም መርጋት፦ በአንዳንዶች ደም በሥር ውስጥ ይረጋል። የአንድ እግር ድንገተኛ እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ለነገ አይባልም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን «ሲቢሲ» የሚባለው የተለመደ የደም ምርመራ ያሳያል። አራተኛውን ግን አያሳይም፤ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ሲቢሲም ቢሆን ደም ማነሱን እንጂ ለምን እንዳነሰ ብቻውን አይነግረንም፤ ምክንያቱን የሚለየው ሐኪም ነው።

ስለዚህ ድካሟ ከሳምንታት በላይ የቆየ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም የፊት ሽፍታ ያለባትን እህት «ሰነፍሽ» አንበላት፤ አብረናት ወደ ክሊኒክ እንሂድ። በሕክምና ላይ ያሉትም መድኃኒታቸውን በራሳቸው አያቋርጡ፤ ረመዷን ከመግባቱ በፊት ስለ ጾማቸው ሐኪማቸውን ያማክሩ። ለታመመ ሰው ሩኽሳ አለውና።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን፤ አሚን።