የሎውንደስ አውራጃ ገበሬዎች

አሜሪካ ሲባል ትልልቅ ከተማ ብቻ እንዳይመስለን። ገበሬዎች የሚኖሩባቸው የገጠር አውራጃዎችም አሉ። በአላባማ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ሎውንደስ አንዷ ናት። የተቋቋመችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830 ነው። ጥጧን ሲያመርቱ የኖሩት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። ባርነት በ1865 ቢቀርም፣ ብዙዎቹ ልጆቻቸው የነጭ ባለመሬት ጭሰኛ ሆኑ።

በ1965 መጀመሪያ ከአምስት ነዋሪ አራቱ ጥቁር ነበር። ታዲያ ለመምረጥ የተመዘገበ ጥቁር አንድም አልነበረም። መዝጋቢዎቹ በንባብ ፈተና እያሳበቡ፣ የተማረውን ጥቁር ሳይቀር ይመልሱት ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ፈተናውን አስቀረ። ጭሰኞቹ ሲመዘገቡ ባለመሬቶቹ ብዙዎቹን ከቤት አስወጧቸው። ድንኳን ተክለው ኖሩ እንጂ ወደኋላ አላሉም።

በ1966 የራሳቸውን ፓርቲ ለምርጫ አቀረቡ። ማንበብ የማይችለውም እንዲለየው ምልክቱን ጥቁር ግስላ አደረጉ። ያን ጊዜ ተሸነፉ። በ1970 ግን ከመሪዎቻቸው አንዱን፣ ጆን ሁሌትን፣ የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ አድርገው መረጡ።

በ2020 ቆጠራ የአውራጃዋ ሕዝብ 10,311 ነበር። የሚያስተዳድሯትም ሕዝቡ የሚመርጣቸው ኮሚሽነሮች ናቸው።

ፊደል ለሰው ብርሃን ነው፤ ያልተማረውን መከልከያ አጥር እንዳይሆን ግን ሁላችንም እንጠብቅ።

ጥያቄ፦ ፓርቲው ምልክት ያስፈለገው ለምንድን ነው?