በሰው አገር የሚለወጥና የማይለወጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምንማማረው በስደት ያለ ክርስቲያን በአገሩ ልማድና በሄደበት አገር ልማድ መካከል እንዴት መኖር እንዳለበት ነው። ርእሱን ያነሣነው ከጂዛን፣ ከሰብያ፣ ከአቡ ዐሪሽ፣ ከሳምጣና እኛ ካለንበት ከአል-ሙወሰም አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ስለሚደርሰን ነው። «አባታችን፣ እዚህ ሁሉ ነገር ሌላ ነው። ሰላምታው ሌላ፣ ማዕዱ ሌላ፣ የዕረፍቱ ቀን ሌላ። የቱን ብለምድ ደግ ነው? የቱን ስለምድ ነው ከሃይማኖቴ የምወጣው?» ይላሉ ልጆቻችን።

ጥያቄው የሚከብደው አገር ቤት ሳለን ባህልና ሃይማኖት አብረው የተሸመኑ ስለ ነበሩ ነው። ነጠላው፣ ቡናው፣ ጾሙ፣ ማተቡ፣ ሰንበቴው ሁሉ በአንድ ቤት አደጉ። የትኛው የአያቶቻችን ልማድ፣ የትኛው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንደሆነ ለዩ ብሎ ያስጨነቀን አልነበረም። ስደት ግን ለዩ ይላል። ሳይለዩ የኖሩ ሁለት ጉዳት ያገኛቸዋል። አንዱ ልማዱን ሁሉ ሃይማኖት አድርጎ ከሰው ጋር ሲጣላ ይኖራል። ሌላው ልማዱ ሲቀርበት ሃይማኖቱም የቀረ መስሎት ተስፋ ይቆርጣል።

ለዚህ የሚመራን የነቢዩ ዳንኤል ታሪክ ነው፤ ምዕራፍ 1ን አንብቡት። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች ተማርከው ወደ ባቢሎን ሲወርዱ ሦስት ነገር ገጠማቸው። የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት ተማሩ ተባሉ፤ ተማሩ። የቤተ መንግሥቱ ሹም አዲስ ስም አወጣላቸው፤ ስለ ስሙ ሲከራከሩ አናይም። ከንጉሡ ማዕድ ብሉ ሲባሉ ግን በልባቸው የቆረጡት ነገር ነበረና እንቢ አሉ፤ እንቢታውም በስድብ ሳይሆን ሹሙን ለምነው፣ 10 ቀን በጥራጥሬ ፈትነን ብለው ነበር። እኛም ጥያቄያችንን በዚሁ ሥርዓት እንከፍለዋለን።

1ኛ. ልንማረው የሚገባ ልማድ

የጂዛን ሰው ቡና ሲቀዳልህ ፍንጃሉን ከታች ብቻ ይነካዋል። አገር ቤት እንዲህ የሚቀዳ ሰው ቆጣቢ ይባላል፤ እኛ ሲኒው ሞልቶ ሲፈስ ነው ደስ የሚለን። በእነርሱ ዘንድ ግን ሞልቶ መስጠት ጠጥተህ ሂድ እንደ ማለት ይቆጠራል፤ ትንሽ መቅዳት ቆይ፣ እደግምልሃለሁ ማለት ነው። በቃኝ ስትል ፍንጃሉን ነቅነቅ አድርገህ ትመልሳለህ። እኛ ደኅና መሆንን ስንጠይቅ ሚስትህ እንዴት ናት፣ ልጆችህ፣ ከብቶችህ እያልን እንዘረዝራለን። በእነርሱ ወግ የሰውን ሚስት ለይቶ መጠየቅ ነውር ነው፤ «ቤተሰብ እንዴት ነው» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ወንድ ለባዕድ ሴት እጁን አይዘረጋም። እኛ ለታላቅ ሰው ዝቅ ብለን እጅ እንነሣለን፤ ለእነርሱ ግን ማጎንበስ ለፈጣሪ ብቻ ስለሚገባ ለከፊልህ ብትሰግድ ይጨነቃል እንጂ አይደሰትም።

የሚመሳሰለውም ብዙ ነው። በአንድ ገበታ በቀኝ እጅ መብላት፣ ጫማ አውልቆ መግባት፣ ወንድና ሴት ለየብቻ መቀመጥ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ አይደለም። የጂዛን ለሑሕ እንጀራችንን ይመስላል። ከተራሮቹ የሚለቀመው የኸውላኒ ቡና፣ አተካከሉና አዘገጃጀቱ በ2022 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ የእኛው ቡና ዘመድ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምንለው ቃልም ከዐረብኛ ጋር የተዛመደ ነው።

ስለ ቡና ካነሣን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀደም ባለው ዘመን በአገራችን ብዙ ክርስቲያኖች ቡና የእስላም መጠጥ ነው ብለው አይቀምሱትም ነበር። ቡና በክርስቲያኑ ቤት በሰፊው የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ያለ ቡና የሚያልፍ የዝክር ቤት የት አለ? አያቶቻችን ቡና መጠጣት ጀመሩ እንጂ እምነታቸውን አልለወጡም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልማድ ያለ ፍርሃት ተማሩ። የሰውን ወግ አውቆ ማክበር ትሕትና ነው።

ይህ ትሕትና ከሁለቱም ወገን በታሪክ ታይቷል። በ615 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ተሰደው ወደ አክሱም መንግሥት በመጡ ጊዜ፣ የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ እንደ ቤተ መንግሥቱ ወግ ለንጉሡ አልሰገዱም። ክርስቲያኑ ንጉሥ ግን ልማዳቸውን ሰምቶ ታገሣቸው፤ ለሚያሳድዷቸውም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ያ ንጉሥ ለእንግዶቹ ያደረገውን እኛ እንግዶች ሆነን ልናስታውሰው ይገባናል።

2ኛ. በሥርዓታችን ላይ የሚመጣ ፈተና

የሰዓት አቆጣጠሩ ቀላሉ ነው። የሁለቱ አገር ፀሐይ አንድ ናት፤ ማዳም ሰባት ሰዓት ስትል ለእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። የሚከብደው የቀኑ ነገር ነው። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሳውዲ የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው። ዓርብ ጾማችን ነው፤ በዚያ ግን ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ ሥጋና ሩዝ የሚቀርብበት ቀን ነው። እሑድ ሰንበታችን ናት፤ በዚያ ግን የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ናት። የቤት ሠራተኛዋማ ሁለቱንም አታርፍም።

ቤተ ክርስቲያንም የለም፤ የአገሪቱ ሕግ በአደባባይ የሌላ ሃይማኖት አምልኮ አይፈቅድም። ይህን አውቃችሁ በጥበብ ኑሩ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 በር ዘግቶ በስውር መጸለይን አስተምሮናል፤ ያ ትምህርት ለእናንተ የተነገረ አድርጋችሁ ተቀበሉት። እሑድ ሌሊት ከመኝታ ቀድማችሁ ተነሡና አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፤ ዕቃ እያጠባችሁ፣ ፍየል እየጠበቃችሁ ውዳሴ ማርያም በቃላችሁ በሉ። አዛኑ በቀን አምስት ጊዜ ሲሰማ፣ ጎረቤታችን ጸሎቱን አልረሳም፣ እኛስ ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ስንቱን ጸለይን ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ስለ ጾም፣ እንደ ዳንኤል በልመና ሞክሩ። «ማዳም፣ ዛሬ ጾም ነኝ፣ ዳቦና ፉል ይበቃኛል» ብትል ጾምን የሚያከብር ሰው ሊገባው ይችላል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን ደግሞ በሳውዲ የካቲት 22 ጀመረ። ሁለቱ በአንድ ሰሞን በመዋላቸው ቀን ሙሉ ምግብ ባልቀመሰ ቤት ውስጥ የእኛ ልጆችም ጾማቸውን ይዘው ነበር።

የሥጋው ጥያቄ ግን ከሁሉ በላይ ልብ ያቆስላል። በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። በወሎ ሠርግ ሲደገስ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ታርዶ፣ በፍቅር ጎን ለጎን ይበላል። ሥጋ የሃይማኖት ምልክት ሆኖ ስለኖረ፣ በልቶ የተገኘ ሰው «ሃይማኖቴን ካድሁ» ብሎ ይደነግጣል። ልጆቻችን፣ ሌላ ምግብ እያለ ሥርዓታችሁን ጠብቁ። በድንበሩ በረሃ ተርባችሁ፣ በእስር ቤት ሌላ አጥታችሁ፣ ወይም ተገድዳችሁ የበላችሁ ግን በዚያ ምክንያት ከእግዚአብሔር የተቆረጣችሁ አይምሰላችሁ። ቅዱስ ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 14 ወንድሞች በመብል ምክንያት እርስ በርስ እንዳይፈራረዱ አስተምሯል። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ እርሱ የሚላችሁን አድርጉ።

3ኛ. የማይለወጠው

ብዙ እኅቶቻችን ሥራ ለማግኘት በፓስፖርት ስማቸው ተቀይሯል፤ ሌሎች አሠሪዎቻቸው ለአጠራር እንዲመቻቸው ሌላ ስም አውጥተውላቸዋል። «ወለተ ማርያም የነበርሁ ዛሬ ዘይነብ ነኝ፤ እግዚአብሔር በየትኛው ይጠራኛል?» የሚሉ አሉ።

ሰው ያወጣልሽ ስም ከእግዚአብሔር አይለይሽም። ዮሴፍን ፈርዖን በግብፅኛ ስም ጠራው፤ ዮሴፍ ግን ዮሴፍ ሆኖ ቀረ። ባቢሎናውያን ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ ያሏቸውን ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል እያለች ታከብራቸዋለች። ደግሞስ የክርስትና ስማችንን አገር ቤትስ ማን ይጠራን ነበር? ሰፈሩ በቤት ስማችን ይጠራናል፤ የክርስትና ስማችን የሚጠራው በጸሎትና በቅዳሴ ነው። ያ ስም በአርባ ወይም በሰማንያ ቀን ተሰጥቷል፤ ወረቀት አይፍቀውም። በሐሰት ወረቀት ማሠራቱን ግን መልካም ነው አንልም፤ ለንስሐ የሚቀርብ ነገር ነው።

ማተብም እንዲሁ። ከልብስ ሥር ሰውሮ ማሠር ክህደት አይደለም። በግድ የተበጠሰባትም አልካደችም፤ ክር ስታገኝ ትሠር። ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ምቾት ብሎ በገዛ እጅ ቆርጦ መጣልና በአንደበት ክርስቶስን አላውቀውም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ነው «በልባችን የቆረጥነው» የሚባለው። ከጂዛን በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ተራሮቹን ተሻግሮ፣ ናጅራን አለ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚያ የነበሩ ክርስቲያኖች ክርስቶስን አንክድም ብለው ተሰውተዋል። ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ የዘመተው ስለ እነርሱ ነበር፤ ኅዳር 26 ቀን መታሰቢያቸው ነው። ያቺ ምድር የክርስቲያን ጸሎት ሰምታ የማታውቅ ምድር አይደለችም።

ፈርተው ወይም ተታለው በአንደበታቸው የካዱስ? በሩ አልተዘጋም። ቤተ ክርስቲያናችን ለሚመለሱት ልጆቿ መጽሐፈ ቄደር የሚባል የጸሎት መጽሐፍ አላት። ቄደር ዳግመኛ ጥምቀት አይደለም፤ ጥምቀት አንዲት ናት። በጸሎትና በውኃ የሚፈጸም የንስሐና የመንጻት ሥርዓት ነው። አባቶች ይህን መጽሐፍ ሲያዘጋጁ የሚመለስ ልጅ እንደሚኖር አውቀው ነው።

4ኛ. አገር ቤት ላላችሁ

በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳውዲ ተመልሰዋል፤ ከዚያም ወዲህ መመለሱ አልቆመም። እናትና አባት፣ የደብር አገልጋዮች፣ እነዚህን ልጆች ስትቀበሉ «ምን በልተሽ መጣሽ? ማን እያሉሽ ኖርሽ?» ብላችሁ አትጀምሩ። የጠፋው ልጅ አባት፣ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 እንደ ተጻፈው፣ ሮጦ አቀፈው እንጂ የበላውን አልመረመረም። ቡናውን በትንሽ ፍንጃል ስትቀዳ፣ ሰላምታዋ ሲያጥር ብታዩ አትሳቁባት። በሰው አገር የተማረችው ወግ ነው። መጀመሪያ እግሯን እጠቡ፤ ከዚያ ወደ ንስሐ አባቷ አድርሷት።

ልጆቻችን፣ ቋንቋቸውን ተማሩ፣ ወጋቸውን አክብሩ፣ ሥራችሁን በታማኝነት ሥሩ። ጾሙንና ጸሎቱን አቅማችሁ በፈቀደ ጠብቁ። ክርስቶስን በአንደበትም በልብም አትተዉት። የወደቃችሁም ተነሡ፤ ዕለቱን ዛሬ አድርጉት።

ዳንኤልን በባቢሎን፣ ዮሴፍን በግብፅ የጠበቀ አምላክ በየበረሃው፣ በየወጥ ቤቱና በየእስር ቤቱ ያላችሁትን ይጠብቃችሁ፤ ለአገራችሁና ለደብራችሁ ያብቃችሁ። የእመቤታችን ምልጃ አይለያችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።