ስለ ደቻቱ ውኃና ስለ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ

ደቻቱን በበጋ ያየ እንግዳ «ይህ ወንዝ ነው» ቢሉት አያምንም። ከዚራንና መጋላን ለሁለት የሚከፍለው ይህ ሰፊ አሸዋ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ ስለ ሆነ ሰውም እንስሳም በእግሩ ይሻገረዋል። ይሁን እንጂ ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ፣ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ፣ ያ ደረቅ አሸዋ ባሕር ሆነ። በደቡብ በኩል ካሉት የሐረርጌ ደጋዎች የወረደው ጎርፍ ከ250 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ፤ ቤት ንብረታቸውን ያጡትም በብዙ ሺሕ ይቈጠራሉ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የምንገኝ ተማሪዎች ያን ጊዜ ገና ሕፃናት ነበርን።

ይህን ያነሣሁት የቈየ ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም። የደቻቱ ጠባይ ለኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ አንድ ጥያቄ ስለሚያቀርብለት ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ በከተማው ላይ ያለው ሰማይ የጠራ ሊሆን ይችላል። ውኃው ከላይ ተነሥቶ ከተማ እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ አለ፤ ያም ጥቂት ጊዜ ልጅን ከመኝታው አንሥቶ ወደ ከፍታ ለመውጣት ሊበቃ ይችላል። እንግዲህ ውኃው ከፍ ማለቱን አይቶ የሚጮኽ መሣሪያ በገዛ እጃችንና በኪስ ገንዘባችን ልንሠራ እንችላለንን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። መልሱም በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ መሣሪያውን መሥራት ቀላል ነው፤ የሚታመን እንዲሆን ማድረግ ግን ከባድ ነው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚያሻግረን ድልድይ ደግሞ ንድፉ ለሁሉ ክፍት መሆኑ ነው።

1ኛ፤ ክፍት መሣሪያ ማለት ምን ማለት ነው?

ከገበያ የምንገዛው ሬዲዮም ሆነ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ምስጢሩን የደበቀ ነው። ካቻቢቴ ይዘን ብንከፍተው እንኳ ውስጡ ያለው ሁሉ እንዴት እንደ ተያያዘ የሚያስረዳን ሥዕል አናገኝም። ኦፕን ሶርስ የሚባለው መሣሪያ ግን ከነሥዕሉና ከነፕሮግራሙ ለማንም የተሰጠ ነው። የፈለገ ሰው ሊያጠናው፣ ሊለውጠው፣ ሊሠራው፣ ሠርቶም ሊሸጠው ይፈቀድለታል።

ከእነዚህ መካከል ስሙ በጣም የታወቀው አርዱዊኖ የሚባለው ሰሌዳ ነው። የትውልዱም ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ሊነገር የሚገባ ነው። ኤርናንዶ ባራጋን የሚባል የኮሎምቢያ ተወላጅ በሰሜን ኢጣልያ፣ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ ሲማር፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ለመመረቂያ ሥራው ዋየሪንግ የተባለ ሰሌዳና ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። ምሕንድስና ያልተማሩ ሰዎች እንኳ ኤሌክትሮኒክስን እንዲጠቀሙበት ብሎ ነበር። በ2005 ከዚያው ትምህርት ቤት ማሲሞ ባንዚና ጓደኞቹ በዚህ መሠረት ላይ ተነሥተው ዋጋው ርካሽ የሆነውን አርዱዊኖን አወጡ። ትምህርት ቤቱ ብዙም ሳይቈይ ተዘጋ፤ ሥራው ግን ንድፉ በብዙ ሰው እጅ ስለ ነበረ አብሮ አልተዘጋም። በ1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሲሞላ እንግዲህ ይህ ሰሌዳ የአንድ ዓመት ሕፃን ነበረ ማለት ነው።

ሰሌዳው ከመዳፍ አይበልጥም። በተለመደው ዓይነት ላይ ያለው አእምሮ በሰኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ በሚመታ ሰዓት ይመራል፤ ለፕሮግራም ማስቀመጫ 32 ኪሎባይት፣ ለሥራ ጊዜ ደግሞ 2 ኪሎባይት ብቻ አለው። በኪሳችን ካለው ስልክ ጋር ቢወዳደር ከቍጥር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን የውኃን ከፍታ ለመለካት ከዚህ የበለጠ አእምሮ አያስፈልግም።

2ኛ፤ ውኃን በድምፅ መለካት

የሌሊት ወፍ በጨለማ ከግድግዳ ጋር የማትጋጨው ድምፅ አውጥታ የገደል ማሚቶውን ስለምታዳምጥ ነው። ለዚህ ሥራ የምንገዛው ሁለት ዐይን ያለው ትንሽ ሴንሰርም እንደዚሁ ያደርጋል። አንደኛው ዐይን በሰኮንድ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ያወጣል፤ የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ያህል ብቻ ስለሚሰማ እኛ አንሰማውም። ድምፁ ውኃውን መትቶ ሲመለስ ሁለተኛው ዐይን ይቀበለዋል። ሰሌዳው ድምፁ ሄዶ ለመመለስ የወሰደበትን ጊዜ ይቈጥርና በሚከተለው ሕግ ርቀቱን ያገኛል፦

ርቀት = የድምፅ ፍጥነት × ጊዜ ÷ 2

በሁለት የምናካፍለው ድምፁ መንገዱን ሁለት ጊዜ፣ ማለት ሲሄድና ሲመለስ፣ ስለ ተጓዘው ነው። ሴንሰሩ ከውኃው በላይ በአንድ ቋሚ ቦታ ከተሰቀለ ርቀቱ ሲያጥር ውኃው ከፍ አለ ማለት ነው። ርካሹ ዓይነት እስከ 4 ሜትር ድረስ ይለካል።

3ኛ፤ የበርሜሉ እንቈቅልሽ

እኔና አንድ ጓደኛዬ ይህን መሣሪያ መጀመሪያ የሞከርነው በግቢያችን ባለ የውኃ በርሜል ላይ ነበር። ፕሮግራሙን ሌሎች ሰዎች ጽፈው ለሁሉ ከተዉት ላይ እንዳለ ወሰድን። ሴንሰሩን በእንጨት ላይ አስረን ከውኃው በላይ ሰቀልነው፤ በሜትር ስንለካው ከውኃው እስከ ሴንሰሩ ልክ 90 ሴንቲ ሜትር ነበር። ማለዳ ላይ መሣሪያው 88 አለ። ቀትር ላይ ተመልሰን ብናየው ወደ 87 ወርዷል። እንደ መሣሪያው ቃል ከሆነ ውኃው ከፍ ብሏል፤ በርሜሉ ውስጥ ግን አንድ ጣሳ ውኃ የጨመረ ሰው የለም።

መጀመሪያ ሽቦው የላላ መስሎን በፒንሳ አጠበቅነው፤ አልተለወጠም። ቀጥሎ ባትሪው የደከመ መስሎን በቴስተር ለካነው፤ ደኅና ነው። በመጨረሻ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች ስናነብ የድምፅ ፍጥነት 340 ሜትር በሰኮንድ ተብሎ የተጻፈበትን መሥመር አገኘን። ጥፋቱ እዚያ ነበረ።

በፊዚክስ ትምህርታችን እንደምናውቀው ድምፅ በሞቀ አየር ውስጥ ይፈጥናል። በግምት የሚሠራበት ሕግ ይኸውና፦

ፍጥነት = 331.3 + (0.606 × ሙቀት በሴንቲግሬድ)

እንግዲህ በ15 ዲግሪ አካባቢ የድምፅ ፍጥነት 340 ይሆናል። ይህ ቍጥር ለቀዝቃዛ አገር ትክክል ነው፤ ለድሬዳዋ ግን አይሆንም። ማለዳ 25 ዲግሪ ሲሆን ፍጥነቱ 346.5፣ ቀትር ላይ 35 ዲግሪ ሲሆን 352.5 ይደርሳል። ድምፁ ፈጥኖ ስለሚመለስ መሣሪያው ርቀቱ ያጠረ፣ ውኃውም ወደ ላይ የወጣ ይመስለዋል። በበርሜል ላይ ስሕተቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ግን በ35 ዲግሪ ሙቀት ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። አንባቢ ራሱ አስልቶ ይመልከተው።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። ሙቀት የሚለካ አንድ ትንሽ ሴንሰር ጨመርንና በ340 ምትክ ከላይ ያለውን ሕግ ጻፍን። ከዚያ በኋላ ማለዳም ቀትርም መሣሪያው 90 አለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። መሣሪያው የተዘጋ ቢሆን ኖሮ ያን መሥመር ልናየው ባልቻልን ነበር። «ዕቃው ብልሹ ነው» ብለን እንጥለው ነበር፤ ወይም ከዚያ የከፋው፣ አምነነው እንቀመጥ ነበር። ክፍት ንድፍ የሚጠቅመን በነጻ ስለሚገኝ ብቻ አይደለም። በሌላ አገር አየር የተጻፈውን ቍጥር በአገራችን አየር እንድናርመው ስለሚፈቅድልን ነው። ስለዚህ ክፍት የሆነውን ሳያነቡ መገልበጥ የተዘጋውን ከመግዛት አይሻልም።

4ኛ፤ ስለ ሐሰት ጩኸት

ወንዝ በርሜል አይደለም። ቅጠል ያልፋል፣ ወፍ ያርፋል፣ ጎርፉ ራሱ አረፋና ግንድ ይዞ ይመጣል። መሣሪያው አምስት ጊዜ ለክቶ 290፣ 291፣ 289፣ 40፣ 290 አገኘ እንበል። አራተኛው በሴንሰሩ ሥር ያለፈች ወፍ ናት። አምስቱን ደምረን ለአምስት ብናካፍል 240 ይወጣል፤ ውኃው በግማሽ ሜትር ከፍ አለ ተብሎ ደወሉ ይጮኻል። ቍጥሮቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድረን መካከለኛውን ብንወስድ ግን 290 ይሆናል፤ ወፏም ማንንም አትረብሽም። አማካዩን ትቶ መካከለኛውን መውሰድ ማለት ይህ ነው።

ይህ ለምን ያስጨንቀናል ቢባል፣ ሁለት ጊዜ በሐሰት የጮኸ ደወል በሦስተኛው ጊዜ በእውነት ቢጮኽ የሚነሣለት ሰው ስለማይኖር ነው። የሚሳሳት ማስጠንቀቂያ ከማስጠንቀቂያ እጦት ይብሳል፤ ሰውን ወይ ያሰለቸዋል፣ ወይ በከንቱ ተስፋ ያስተኛዋል።

የቦታውም ነገር አለ። ሴንሰሩን በከተማው ድልድይ ሥር ብንሰቅለው የሚነግረን በዐይናችን የምናየውን ነው። ከከተማው 10 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ቢተከልና ጎርፉ በሰኮንድ 3 ሜትር ይሄዳል ብንል ግን 55 ደቂቃ ያህል እናተርፋለን። ያን ጊዜ ደግሞ ወሬውን ወደ ከተማ የሚያደርስ የስልክ መልእክት መላኪያ ይጨመራል፤ በዝናብ ሰዓት ኔትወርክ ቢጠፋስ የሚለው ጥያቄም አብሮ ይመጣል። እንዲህ እያለ አንዱ ጥያቄ ሌላውን ይወልዳል፤ ትምህርቱም በዚያ ውስጥ ነው።

5ኛ፤ ስለ ኀይልና ስለ ጥንቃቄ

ሰሌዳውና ሴንሰሩ አንድ ላይ በግምት 60 ሚሊ አምፒየር ይወስዳሉ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ 2,000 ሚሊ አምፒየር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቢሰጣቸው ከ33 ሰዓት አይበልጡም፤ በሥራ ላይ የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ሰሌዳው ለክቶ እንዲተኛ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነቅቶ እንደ ገና እንዲለካ ማድረግ ያስፈልጋል። ፀሐይ በድሬዳዋ ስለማትነፍገን አንዲት ትንሽ ሶላር ባትሪውን ቀን ቀን ልትሞላው ትችላለች።

ለጀማሪ ሁለት ማስጠንቀቂያ እጨምራለሁ። አንደኛ፣ ሥራችሁ በ5 ቮልት ይወሰን፤ የቤት መብራት 220 ቮልት ስለ ሆነ ይገድላል። ሁለተኛ፣ የላፕቶፕ ባትሪ ሁለቱ ጫፎች በሽቦ ቢገናኙ ሊቃጠል ስለሚችል ያለ መከላከያ ሰሌዳው አትጠቀሙበት።

6ኛ፤ የተሠራው ይጻፍ

ድሬዳዋ ለእጅ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ በደረሰ ጊዜ ከተማዪቱ ከባቡሩ ጋር ተወለደች። ከዚያ ወዲህ በባቡሩ ወርክሾፕ ቶርኖ የሚያዞሩ፣ ብረት የሚበይዱ፣ የተሰበረውን የሚጠግኑ ሠራተኞች ትውልድ በትውልድ ላይ ተተክተዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ደግሞ በ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ዘመኑ ከእንፋሎት ወደ ኤሌክትሪክ ተሻገረ፤ የእጅ ዕውቀት አስፈላጊነት ግን አልቀረም። ሆኖም በእጅ ብቻ ያለ ዕውቀት ባለቤቱ ጡረታ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። የጻፈው ብቻ ይቀራል።

የእኛም ነገር ከዚህ አይለይም። በየዓመቱ ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚሠሩት መሣሪያ ለአንድ ቀን በመምህራን ፊት ይበራል፤ ከዚያም መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ያንኑ ከሀ ጀምሮ ይሠራል፤ እኛ የወደቅንበት ጕድጓድ ውስጥም ይወድቃል። የባራጋን የመመረቂያ ሥራ መደርደሪያ ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንይዘው ሰሌዳ ባልኖረ ነበር። እርሱ ራሱ በ2016 ባወጣው ጽሑፍ ስለ ሥራው የሚገባው ምስጋና እንዳልተሰጠው ገልጿል። ስለዚህ ከሌላ የወሰድነውን ሁሉ ባለቤቱን በስም መጥራት አለብን።

ይህንንም በሥራ ለመጀመር፣ እያንዳንዱ በመሣሪያ የሚጫወት ተማሪ አንድ ደብተር ይያዝ። በደብተሩም የሽቦውን ሥዕል፣ የለወጠውን መሥመር፣ ቀኑንና የአየሩን ሙቀት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያልሠራለትን ይጻፍ። ከወሰደ ይመልስ። ቀጥሎ የሚመጣ ተማሪ ከእኛ 340 ሳይሆን ከእኛ 352.5 ይጀምር።

በመጨረሻም አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በርሜል ላይ የሠራ መሣሪያ ደቻቱ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ ኀላፊነት ያለባቸው ባለሙያዎች አይተው፣ ፈትነው፣ ከሌላ ማስጠንቀቂያ ጋር አስተያይተው ሳይቀበሉት ማንም ተማሪ ለጎረቤቱ «ተኛ፣ የእኔ ደወል ይቀሰቅስሃል» ሊል አይገባውም። እስከዚያ ድረስ ሥራችን መለካት፣ ማረምና መጻፍ ነው። ክረምቱ ሲመጣ ደጋው ላይ መዝነቡ አይቀርም፤ እኛም እስከዚያ በርሜላችንን በትክክል መለካት እንልመድ።